ከዓይን ጀርባ

ቦራ የሚሉት ነፋስ ከተራራው ወርዶ
የፑላን መስኮቶች በጥፊ ሲያንኳኳ ማልዶ፣
ሽማግሌው ዝቫኔ ውሻውን አቅፎ ገባ፤
ኮፍያው ላይ የጫካ ጭቃ፣ ክንዱ ላይ ያረጀ ካባ፣
በካባው ውስጥ ቢባ።

ግራ ዓይኗ አብጧል፣ ደፍርሷል፣ ጠጥሯል እንደ ጠጠር፤
ማየቱንስ ካቆመ ከርሟል፤ የቀረው ሕመሙ ነበር።
«መውጣት አለበት» አልኩት። ዝም አለ። ቆየና፣
«ይሁን» አለ፤ «እሷ እንደሁ የምታየው ባፍንጫዋ ነውና፤
ከባሉጥ ሥር ትራፍሉን ከክንድ ጥልቀት ለይታ
ስታወጣ ኖራለች፣ በጨለማ፣ በማታ።
ግን ንገሪኝ፣ ኔቪያ፣ ሲያወጡት ይሰማታል?»
ስለ ራሱ ቢሆን አፉን አይከፍትም፤ ስለ እሷ ግን ይጠይቃል።

አልመለስኩለትም ቶሎ።
የሃያ ዓመት ነገር አለ፣ ምላሴ ላይ ተንጠልጥሎ።

ያኔ መርፌውን በግምት ነበር የምንሰደው፤
ከዓይን ጀርባ፣ አጥንቱን ታክኮ፣ ጣት እየዳበሰ በለመደው፤
እንደ ዕውር በትር ነካ፣ ነካ እያደረግን፤
«እዚህ ይሆናል» ብለን፣ «እዚህ ነው» እያልን።
አንድ ቀን፣ ሉንጋ የምትባል የአዳኝ ውሻ
(ስሟን እኔ ካልጻፍኩት የት አላት ሌላ ማስታወሻ?)
ነርቯ በወጉ ሳይደነዝዝ ዓይኗ ሲጎተት
ልቧ ዘገየ፣ ዘገየ፤ ቆመ፣ እንደ ተሰበረ ሰዓት።
ዓይንና ልብ በአንድ ክር መታሰራቸውን
ያን ቀን ነው ያወቅሁት፤ መጽሐፍ ሲነግረኝ ያላመንኩትን።
መለስናት፤ ግን ለአሥራ አንድ ሰከንድ ሄዳ ነበር።
ዛሬም ጥርሴን ስቦርሽ ድንገት እጀምራለሁ፣ መቁጠር።

አሁን ቢባ ተኝታለች። ጄሉ ቀዝቃዛ፣
በተዘጋው የዓይን ቆብ ላይ፣ ወፍራም፣ ፈዛዛ፤
መዳሰሻውን አሳረፍኩ። ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ሄደ፣
ሄዶም ተመለሰ፤ ያገኘውን በስክሪኑ ላይ አወረደ።
ድምፅ ነው የሚያይልኝ። እኔ የማየው ማሚቶ፦
ጥቁር ክብ፣ ዓይኗ፤ የውኃ ጉድጓድ፣ ሌሊት ውስጡ ተኝቶ፤
ከጀርባው ጡንቻዎቹ፣ እንደ አገራችን የድንጋይ ጎጆ ሾጥጠው፣
መሐላቸው ጠቆር ያለ ግንድ፦ ነርቩ፤ ድሮ ብርሃን ይወርድበት የነበረው።
ትቭርትኮ፣ ተለማማጁ፣ ትንፋሹን ውጧል፤
«እንደ ሌሊት ወፍ ነሻ!» ይለኛል፤ ይስቅና ደግሞ ይደነግጣል።

መርፌው ገባ፦ ነጭ ጭረት፣ የሸረሪት ድር።
ጫፉን አየዋለሁ። ይህን ቃል እንዲህ በቀላሉ መናገር
ለሌላ ሰው ምን ይመስላል? አላውቅም። እኔ ግን አየዋለሁ፤
ከዓይኑ ግድግዳ ርቋል፤ ሳብ አድርጌ ደም አለመኖሩን አረጋግጣለሁ፤
ከዚያ ሁለት ሚሊ ሊትር፣ በዝግታ። ጥቁር ኩሬ ተንጣለለ፣
ነርቩን አቅፎ፣ «በቃ፣ ተኛ» እንዳለ።

ኦርኔላ ዓይኑን በመቆንጠጫ ያዘች፤ ጎተተች።
የቢባ ልብ ዘጠና ሁለት ላይ፣ ዘጠና ሁለት ላይ ረጋች፤ ምንም አልሰማች።
እኔ ብቻ፣ በሆዴ፣ እስከ አሥራ አንድ ቆጠርኩ።
ጓንቴን አወለቅኩ።

ዝቫኔ ዓይኑን ጠየቀኝ፣ ከባሉጡ ሥር ሊቀብረው።
«ለምርመራ ይሄዳል፣ ደንብ ነው» ብዬ ስነግረው
አቀረቀረ። ምስሉን አትሜ ሰጠሁት፤
ዘቅዝቆ ያዘው። አላረምኩት።
«ለሁለት የተቆረጠ ትራፍል ይመስላል» አለና
ኮፍያው ገበር ውስጥ ቀበረው፣ አጥፎ እንደገና።

የሒሳቡን ግማሽ በዩሮ ከፈለ፤
ግማሹን በመሐረብ ጠቅልሎ ጠረጴዛዬ ላይ ጣለ።
ክፍሉን የርጥብ አፈር፣ የነጭ ሽንኩርት፣ የአሮጌ ሥር ሽታ ሞላው።
ቢባ እግሮቿ ገና አይታዘዟትም፤ ምላሷ ውጭ ነው፤
የቀረው ዓይኗም ክድን ነው። አፍንጫዋ ግን ቀድሟት ነቃ፤
ወደ መሐረቡ ዞረች፣ አንገቷ እየወደቀ፣ እያቃናች በጭንቅ፣ በሲቃ።
«ቅዳሜ እንሄዳለን» አላት ጆሮዋ ላይ፣ ሹክ ብሎ።
ስፌቱ አሥራ አራት ቀን ይፈልጋል።
አልተናገርኩም ቶሎ።